ሄደው ላልተመለሱት ቤት የሚሠሩ መንደሮች

አየርላንድ ውስጥ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ መቶ ዓመት ታሽጎ ይቀመጣል። ሕጉ እንዲህ ነው። አፕሪል 18 ቀን 1926 የተሞላው ቅጽ መቶ ዓመት የሚደፍነው በአፕሪል 2026 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አገሪቱ ራሷን ችላ ያካሄደችው የመጀመሪያ ቆጠራ ስለሆነ ጉዳዩ ከቤተ መዛግብት አልፎ የሕዝብ ወሬ ሆኗል።

እንዲህ ያለ መዝገብ ሲከፈት ጠያቂ የሚበዛው ዱብሊን ላሉት ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ገጠር ውስጥ፣ አንዳንዴ በተዘጋ ትምህርት ቤት ወይም በአሮጌ ጣቢያ የተቀመጡ ትንንሽ የቅርስ ማዕከላት አሉ። የጥቂት መቶ ሰዎች መንደር ተሰብስቦ፣ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ጥለውት ለሄዱ ሰዎች ቤት ይሠራል። ከውጭ ለሚያየው ግራ ያጋባል። አንዱ «ቱሪስት ማጥመጃ ነው» ይላል። ሌላው «ያልወጣ ሐዘን ነው» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው። የቀረው ግማሽ የሚገኘው እዚያው መንደር ከቀሩት ሰዎች ዘንድ ነው።

ስደተኛ ስንል

በአማርኛ «ስደተኛ» ሁለቱንም ይይዛል፤ የወጣውንም የመጣውንም። ዛሬ «በአየርላንድ የስደተኞች ጉዳይ» የሚል ዜና ስናነብ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ ስለገቡት ነው። እዚህ የምናወራው ከዚያ ስለወጡት ነው።

አይሪሾች በራሳቸው ቋንቋ እንዲህ ያለውን ሰው «ዶሪ» ይሉታል። ከቤቱ የተለየ፣ በሰው አገር የሚንከራተት ማለት ነው። ወዶ የሄደ የሚል ስሜት የለውም። ልማዳቸውም ይህንኑ ይናገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ልጅ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሲል፣ በዋዜማው ሌሊት ጎረቤት ተሰብስቦ ያድራል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፈናል፣ ይለቀሳል። ስሙ «የአሜሪካ ለቅሶ» ነበር። ለሬሳ የሚደረገው ሥርዓት በቁሙ ላለ ሰው ተደረገ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሄደ አይመለስም። ወላጆቹ እንደገና አያዩትም።

ገጠሩ እንዴት ባዶ ሆነ?

በ1841 በመላው ደሴቲቱ 8.2 ሚሊዮን ሰው ነበር። ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ መታው። ድንች ደግሞ ለድሃው ገበሬ ወጡም እንጀራውም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ይቆማል። ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ረሃቡ ሲያልፍ ስደቱ አላለፈም። ከረሃቡ በፊት ብዙ ገበሬ መሬቱን ለልጆቹ ሁሉ ይሸነሽን ነበር። ከረሃቡ በኋላ ይህ እየቀረ ሄደ። አንድ ወንድ ልጅ መሬቱን ይወርሳል፤ አንዲት ሴት ልጅ ጥሎሽ ይዛ ታገባለች፤ የተቀሩት የመርከብ ቲኬት ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ስደት የክፉ ቀን መሸሻ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ አሠራር ሆነ። ከአሜሪካ በፖስታ የሚመጣው ዶላር የመሬት ኪራይ ይከፍላል፤ የሚቀጥለውንም ልጅ ያሻግራል።

ውጤቱን ለማየት ሊትሪምን መውሰድ ይበቃል። ሊትሪም ካውንቲ ነው፤ በስፋቱ ከእኛ ወረዳ ከፍ፣ ከዞን ዝቅ ያለ አስተዳደር። በ1841 155,297 ሰው ነበረው። በ1996 የቀረው 25,057 ነው። በ2022 እንኳ 35,199 ላይ ነው ያለው። ሪፐብሊኩ በጠቅላላ ከ5 ሚሊዮን ያለፈው በዚሁ በ2022 ቆጠራ ነው፤ በዚያ ግዛት ከ1851 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድ አገር ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት የነበረው ቁጥር ላይ ገና አሁን የደረሰ ከሆነ፣ ያለፈው ነገር ለእሱ «ታሪክ» ብቻ አይሆንም። በየመንገዱ ዳር ጣሪያው የወደቀ የድንጋይ ቤት ይታያል። ባለቤቱ ማን እንደነበር የሚያውቅ ሽማግሌም አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም።

አንድ አጥቢያ፣ 14 ሰዎች

ላሃርዳን ሜዮ ካውንቲ ውስጥ፣ ከኔፊን ተራራ አጠገብ ያለች ትንሽ መንደር ናት። አጥቢያዋ አደርጉል ይባላል። በአፕሪል 1912 ከዚህ አጥቢያ 14 ሰዎች ተያይዘው ወጡ። አፕሪል 11 ቀን ኩዊንስታውን ወደብ (ዛሬ ስሙ ኮቭ ነው) ታይታኒክ ላይ ተሳፈሩ፤ በሦስተኛ ማዕረግ። ከመካከላቸው ቀድሞ ቺካጎ የኖሩ፣ ዘመድ ሊጠይቁ መጥተው የሚመለሱ ሴቶች ነበሩ። ሌሎቹ እነሱን ተከትለው ነው የተነሡት። አጥኚዎች ይህን «ሰንሰለታዊ ስደት» ይሉታል። አንዱ ይቀድማል፣ ከዚያ ቲኬት ይልካል፣ ወይም ራሱ መጥቶ ይወስዳል። ዘመዱ ቤይሩት ወይም ዱባይ ላለ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

11ዱ ሞቱ። ሦስት ሴቶች ተረፉ። ከሦስቱ አንዷ ዲሊያ ማክደርሞት ናት። ሰው ወደ ጀልባ ሲወርድ እሷ ለጉዞው የገዛችውን አዲስ ኮፍያ ልታመጣ ወደ ክፍሏ ተመለሰች ይባላል። ከዚያ ወደ ጀልባው ዘልላ ተረፈች። መርከብ እየሰጠመ ኮፍያ? ይገርማል። ግን አንዲት የገጠር ልጅ አሜሪካ ስትገባ ሰው መስላ የምትታየው በዚያ ኮፍያ ነው። የመንደሩ ሰው ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ የሚያወራው ያለ ነገር አይመስለኝም።

ላሃርዳን ራሷን «የአየርላንድ የታይታኒክ መንደር» ትላለች። ቤተ ክርስቲያኗ መታሰቢያ የሆነ ባለቀለም መስኮት አለው። በ2012፣ መቶኛ ዓመቱ ሲደርስ፣ የነሐስ ሐውልቶች ያሉት የመታሰቢያ መናፈሻ ተሠራ። ለቱሪስት የሚሆነው ይህ ነው፤ ፎቶ ይነሡበታል። ሌላው ነገር ደወሉ ነው። በየዓመቱ አፕሪል 15፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20፣ መርከቧ በሰጠመችበት ሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል። መጀመሪያ በዝግታ፣ በሐዘን፣ ለሞቱት 11 ጊዜ። ቀጥሎ ፈጠን ብሎ፣ በደስታ፣ ለተረፉት 3 ጊዜ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብርድ፣ የሚመጣ ጎብኚ ብዙ አይደለም። ቲኬትም የሚሸጥ የለም። «ሁሉ ነገር ለገበያ ነው» የሚለው ክርክር ይህን ደወል ማስረዳት ያቅተዋል።

ማዕከሉ በምን ይቆማል?

ከስሜቱ ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው በኮሚቴ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር፣ አንድ ሁለት ገበሬ፣ ባለሱቅ፣ የእግር ኳስ ክለቡ ሰው። በአሠራሩ እንደ እድር ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ሁሉም ይኮራረፋል፣ ሥራው ግን ይሠራል። ቤቱ ደግሞ ቀድሞ የነበረ ነው። ገጠሩ ሲመነምን የሚተርፈው ሕንፃ ነውና። ልጅ ሲያጣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። በ2018 ብቻ 159 ፖስታ ቤቶች እንዲዘጉ ተወስኖ ነበር። ማዕከሉ ብዙ ጊዜ የሚገባው እንዲህ ባለ የተዘጋ በር ነው።

ገንዘቡ ከሁለት ሦስት ቦታ ይሰበሰባል። አንዱ ትልቅ ምንጭ ሊደር የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የገጠር ልማት ፕሮግራም ነው። ስሙ የፈረንሳይኛ ምሕጻረ ቃል ነው፤ ከ1991 ጀምሮ አለ። ሐሳቡ ፕሮጀክቱን ብራስልስ ሳይሆን የአካባቢው ሰው እንዲመርጥ ነው። ጥሩ ነው። ችግሩ ግን ገንዘቡ የሚከፈለው ሥራው ተሠርቶ፣ ደረሰኙ ከቀረበ በኋላ ነው። ከወጪው የተወሰነውንም መንደሩ ራሱ ማዋጣት አለበት። ስለዚህ ኮሚቴው መጀመሪያ ይበደራል። መዋጮ የለመደ፣ ባንክ የማይፈራ ሰው ያለው መንደር ይሳካለታል። ሌላው ማመልከቻው ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ሠራተኛ ነው። ኮሚዩኒቲ ኢምፕሎይመንት የሚባል የመንግሥት ፕሮግራም አለ። ሥራ ለረጅም ጊዜ ያጣ ሰው በሳምንት 19 ሰዓት ተኩል በማኅበረሰብ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ ደመወዙን መንግሥት ይከፍላል። ብዙ ቦታ በሩን የሚከፍተው፣ ሻይ የሚያፈላው፣ መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ይህ ሰው ነው። ፕሮግራሙ ቢታጠፍ ብዙ ማዕከል በሩን ይዘጋል። «በራሳችን ቆመናል» የሚለውን ወሬ በጥንቃቄ መስማት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጎብኚው ነው፤ በጋ በጋ የሚመጣው። ግን ምን ፍለጋ ይመጣል? የ1901ና የ1911 ቆጠራዎች ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ። የካቶሊክ አጥቢያዎች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብም ከ2015 ጀምሮ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ ይታያል። ቦስተን ተቀምጦ ማየት የሚቻለውን ለማየት ማንም ውቅያኖስ አያቋርጥም።

የሚመጣው ወረቀት ስለማይበቃ ነው። ፓትሪክና ሜሪ የማይገኙበት የአይሪሽ ቤት የለም። አንድ አጥቢያ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ብዙ ሰዎች ይኖራሉ። የሚለዩት በታውንላንዳቸው ነው። ታውንላንድ ማለት ከአጥቢያ በታች ያለ ትንሹ የመሬት ክፍል ነው፤ ጎጥ ብንለው አንሳሳትም። በደሴቲቱ ከ60,000 በላይ አሉ። የትኛው ፓትሪክ በየትኛው ጎጥ፣ ከየትኛው አጥር በስተጀርባ እንደነበር የሚያውቀው እዚያው ያደገ ሰው ነው።

ይህን ማጣት ምን እንደሚያስከትል አንድ የታወቀ ስሕተት ያሳያል። በኒው ዮርኩ የስደተኞች መግቢያ በኤሊስ ደሴት፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1892፣ በሩ በተከፈተ ዕለት፣ መጀመሪያ የገባችው አኒ ሙር የምትባል የኮርክ ልጅ ናት። ለረጅም ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄዳ ቴክሳስ ሞተች እየተባለ ይተረክ ነበር። በ2006 ሲጣራ፣ ቴክሳስ የሞተችው አኒ ሙር ኢሊኖይ የተወለደች ሌላ ሴት ሆና ተገኘች። እውነተኛዋ ከኒው ዮርክ የድሆች ሰፈር አልራቀችም። እዚያው አግብታ፣ ብዙ ልጅ ወልዳ፣ እዚያው በ1924 ሞተች። የተሳሳተው ታሪክ የበለጠ ያምር ነበር፤ ብዙ ጊዜ የቆየውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንዳንድ አጥቢያዎች ነገሩን ገልብጠውታል። በጎልዌይ ካውንቲ ሎክሬ አካባቢ የተጀመረው «አየርላንድ ሪቺንግ አውት» የሚባለው እንቅስቃሴ፣ ዘሮቹ እስኪመጡ አይጠብቅም። የአጥቢያው በጎ ፈቃደኞች ራሳቸው የሄዱትን ሰዎች ዘር ይፈልጉና «ኑ» ይላሉ።

«ኑ» ያለው ማን ነው?

ክርክሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። በ2013 መንግሥት «ዘ ጋዘሪንግ» የሚል ዓመት አወጀ፤ በዓለም ያሉ የአየርላንድ ዘሮች አገራቸውን እንዲጎበኙ። ጊዜው የኢኮኖሚ ቀውሱ ያልለቀቀበት ነበር። ወጣቱ ገና እየተሰደደ ነው። ታዋቂው ተዋናይ ጋብሪኤል በርን፣ ቀድሞ የአገሪቱ የባህል አምባሳደር የነበረ ሰው፣ ነገሩን ማጭበርበር ነው፣ ዳያስፖራውን ሳንቲም ማራገፊያ ነው ብሎ ተቸ። ብዙ ሰው ተቆጣ። ብዙ ሰው ደግሞ ልክ ነው አለ።

በሌላ በኩል ያሉት እንዲህ ይላሉ። ሀብታሟ ዱብሊን በ2016 የተከፈተ ትልቅ የስደት ሙዚየም አላት። ገጠሩ ግን ከታሪኩ በቀር የሚሸጠው የለውም። ልጁን የሰጠው ገጠሩ ነው፤ የልጅ ልጁ ሲመጣ ሻይና ዳቦ ቢሸጥለት ምን ነውር አለው? እኔ ከዚህ ወገን እቀርባለሁ፤ አንድ ነገር ጨምሬ። «ዘ ጋዘሪንግ» ውስጥ የተሻለው ነገር ራሱ በየመንደሩ የተሠራው ነው። በመግለጫና በማስታወቂያ የተጠራ ሰው አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል። «አያትህ የነበረበት ቤት ይኸው» የተባለ ሰው ግን ደብዳቤ ይጽፋል።

ማስታወስ ከገበያ ውጪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሮስኮመን ካውንቲ ያለችው ስትሮክስታውን ታሳያለች። በ1979 ጂም ካለሪ የሚባል የአካባቢው ባለጋራዥ ለሥራው ቦታ ፈልጎ የድሮውን የባላባት ርስት ገዛ። ቤቱ ውስጥ የረሃቡ ዘመን ወረቀቶች ተከምረው አገኘ። ከነዚህ መካከል በ1846 ጭሰኞች «ልጆቻችን ፊታችን እየተራቡ ነው» ብለው ለባላባቱ ያቀረቡት አቤቱታ አለ። በሚቀጥለው ዓመት ባላባቱ ዴኒስ ማሆን 1,490 ሰዎችን ከመሬቱ አንሥቶ ወደ ኩቤክ ላከ። በእግራቸው ዱብሊን ድረስ ሄዱ፤ ብዙዎቹ በባሕር ላይና በደረሱበት በኩቤክ አለቁ። ማሆን ራሱ በኖቬምበር 1847 ተገደለ። ካለሪ ወረቀቶቹን ይዞ በ1994 የረሃብ ሙዚየም ከፈተ። እነዚያ ሰዎች የሄዱበት መንገድም ዛሬ የ165 ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ ሆኗል። ሙዚየሙ ገና ከመነሻው የአየርላንድን ረሃብ ዛሬ ካለው የዓለም ረሃብ ጋር አያይዞ ነው ያቀረበው። ለእኛ ይህ ሩቅ አይደለም። በ77ቱ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ድርቅ ጊዜ ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ የዱብሊን አካባቢ ልጅ ነው፤ የአየርላንድ ሕዝብም ከአቅሙ በላይ ሰጥቷል ተብሎ ይነገርለታል።

ደወል የማይደወልላቸው

ማዕከላቱን ዞር ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። በውስጣቸው አሜሪካ የሄደው ይበዛል። እንግሊዝ የሄደው ጥቂት ነው። ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው አይሪሽ የሄደው እንግሊዝ ነው። ከ1951 እስከ 1961 ባሉት አሥር ዓመታት ብቻ በተጣራ ሒሳብ 400,000 ያህል ሰው ወጥቷል፤ ሕዝቡ 2.8 ሚሊዮን ብቻ በነበረበት ጊዜ። ወንዶቹ መንገድና ዋሻ ቆፈሩ፤ ሴቶቹ ሆስፒታል ገቡ፣ ሰው ቤት ተቀጠሩ።

ከማዕከላቱ ታሪክ ለምን ቀሩ? አንዱ ምክንያት ወረቀት ነው። ኤሊስ ደሴት ስም ይጽፋል። የታይታኒክ ባለቤቶች የተሳፋሪ ዝርዝር ነበራቸው። የስትሮክስታውን ባላባት የላካቸውን ሰዎች ስም አስጽፏል። ወደ እንግሊዝ የሚሄደው ግን ማታ መርከብ ይሳፈርና ጠዋት ሆሊሄድ በሚባለው የዌልስ ወደብ ይወርዳል። በሁለቱ አገሮች መካከል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት በስተቀር፣ ፓስፖርት የጠየቀው የለም። ማንም አልመዘገበውም። ሁለተኛው ምክንያት ኩራት ነው። አሜሪካ መሄድ ተረት ይሆናል። በሳምንቱ መጨረሻ ሊመለስ ይችል የነበረ፣ ግን ያልተመለሰ፣ በለንደን ኪራይ ክፍል ብቻውን ያረጀ ወንድም ተረት አይሆንም። ስለ እሱ ባይነሣ የሚመርጥ ቤተሰብ ብዙ ነው። እንደ እኔ እይታ፣ የእነዚህ ማዕከላት ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ ሻይ መሸጣቸው ላይ አይደለም።

አሁን የሚሄዱት፣ አሁን የሚመጡት

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ክርክሩ እንዲህ ባልሞቀ። እስከ አፕሪል 2024 ባለው አንድ ዓመት ከአየርላንድ 69,900 ሰው ወጥቷል። ከነሱ 10,600 የሄዱት አውስትራሊያ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 4,700 ነበሩ። የዛሬው ልጅ ርሃብ አላባረረውም፤ የቤት ኪራይ ነው። በዚያው ዓመት 149,200 ሰው ገብቷል። ጥገኝነት የሚጠይቁ ሰዎች በተዘጉ ሆቴሎች እንዲያርፉ ሲወሰን በአንዳንድ የገጠር ከተሞች ተቃውሞ ተነሥቷል።

አንዱ ወገን የስደት ሙዚየሙን እያሳየ «እኛም ስደተኞች ነበርን» ይላል። ሌላው «የእኛ ሰዎች ሥራ ፍለጋ ሄዱ፤ ማንም ሆቴል አላስቀመጣቸውም» ብሎ ይመልሳል። ማዕከላቱ በዚህ መካከል ናቸው። አብዛኞቹ ዝም ማለት ይመርጣሉ፤ ኮሚቴው ውስጥ ሁለቱም ወገን አለና። ዝምታው እስከመቼ እንደሚሠራ ግን ያጠራጥራል። ገጠር ያለው ትምህርት ቤት በአዲስ መጦች ልጆች ከመዘጋት የሚድን ከሆነ፣ «የመንደራችን ታሪክ» የሚለው ሰሌዳ አንድ ቀን እነሱንም መጨመር ይኖርበታል።

በ1926ቱ ቅጽ ላይ

ብዙ ሰው የአየርላንድ መዝገብ ሁሉ በ1922 ተቃጠለ ይላል። ግማሽ ልክ ነው። በዚያ ዓመት ጁን 30 ቀን በእርስ በርስ ጦርነቱ የዱብሊን የመዛግብት ቤት ሲጋይ ከ1821 እስከ 1851 ያሉት ቆጠራዎች አብዛኞቹ ጠፉ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ግን ቀድሞ ያጠፋቸው መንግሥት ራሱ ነው። በ1921 ደግሞ በነጻነት ጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ አልተካሄደም። ስለዚህ ከ1911 በኋላ ያለው ቀጣይ ቅጽ የ1926ቱ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ዘሎ።

ማዕከላቱ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይችላሉ። በ1911 አባት፣ እናት፣ ሰባት ስምንት ልጆች በስምና በዕድሜ የተጻፉበት ቤት፣ በ1926 ሁለት ሦስት ስም ብቻ ይዞ ሊገኝ ይችላል። የተቀሩት የት እንደሄዱ ቅጹ አይናገርም። የሚመዘግበው በዚያች ሌሊት እዚያ ቤት ያደረውን ነው።